የአሮጌ ኮርሳ ብስክሌት ጎማ ማስፋት፦ ከደብረ ብርሃን አንድ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህን ጉዳይ ለመመዝገብ የተነሣሁት፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል ብዬ የጀመርኩት ሥራ ሰባት ወር ስለፈጀብኝ ነው። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነበር፤ የአንድ አሮጌ ኮርሳ ብስክሌት ቀጫጭን ጎማዎች አውጥቶ ወፈር ባሉ መተካት። ሰባቱን ወር የበላው ግን ጎማው አይደለም፤ በጎማውና በብረቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው። በሰሜን ሸዋ ብስክሌት የሚነዱም የሚጠግኑም ሰዎች ይኸው ችግር ይገጥማቸዋል፣ ብዙዎቹም ገንዘባቸውን ከስረው ይተዉታል። ስለዚህ የሠራሁትን ብቻ ሳይሆን የተሳሳትኩትንም ጭምር እጽፋለሁ። የባለቤቱን ስም፣ መሥሪያ ቤታቸውንና ጎማ የሸጡላቸውን ሰዎች አልጠቅስም። እኔ በሙያዬ የመካኒክ አስተማሪ ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ብስክሌት እጠግናለሁ።

ብስክሌቱና መንገዱ

ባለቤቱ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናቸው። በሳምንት አራት ቀን ከደብረ ብርሃን ተነሥተው በዙሪያዋ ወዳሉ የገጠር ቀበሌዎች ይወጣሉ፤ በግ ይከትባሉ፣ የታመመች ላም ያያሉ። ጀርባቸው ላይ የክትባት ሳጥን ያዝላሉ፤ ከነበረዶው ስድስት ኪሎ ይመዝናል። እሳቸው 68 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 11 ኪሎ ነው። እነዚህን ቁጥሮች የምጽፈው የነፋሱ መጠን ጋ ስንደርስ ስለሚያስፈልጉን ነው።

ብስክሌቱ ጣሊያን ሠራሽ፣ ቴላዮው (የብስክሌቱ አጽም) የብረት የሆነ፣ ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት ያለፈ ኮርሳ ነው። ከአጎታቸው የወረሱት ነው። ቱቦዎቹ ስስ ከመሆናቸው የተነሣ በጥፍር ሲመቱት ይጮኻል። በዚያ ዘመን የተሠሩ የውድድር ብስክሌቶች ለለሰለሰ አስፋልት የታሰቡ ናቸው፤ የኋላ ቱቦዎቻቸው ከጎማው ጎን ተጠግተው ያልፋሉ፣ ፍሬናቸውም ከጎማው አናት በላይ በጣት በማይሞላ ርቀት ይቀመጣል። በዚህ ላይ ተገጥሞ የነበረው ጎማ 23 ሚሊሜትር ስፋት ነበረው።

የሚሄዱበት መንገድ በአማካይ 14 ኪሎ ሜትር ነው። አራቱ ኪሎ ሜትር ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው አስፋልት፣ አንዱ የከተማው ኮብልስቶን ነው፤ የቀረው ጠጠርና በእግርና በጋሪ የተረገጠ ዋልካ ነው። ዋልካን የሚያውቅ ያውቀዋል። በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ሸክላ ይጠነክራል፣ ክረምት ሲገባ ከነካው ሁሉ ጋር ይጣበቃል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው እሱ ነው።

ችግሩ

ባለሙያው ሥርዓት ያላቸው ሰው ናቸው፤ ጎማቸው በተነፈሰ ቁጥር በትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይጽፋሉ። በጥር 2011 ዓ.ም. ሲመጡ ደብተሩን ይዘው ነበር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ 19 ጊዜ ተበስቷል። ያሏቸውን ከመነዳሪዎች (ነፋስ የሚይዙትን የውስጥ ጎማዎች) አምጡ ብዬ ላክኩባቸውና ቀዳዳዎቹን ተራ በተራ አየሁ። አብዛኞቹ እሾህ የወጋቸው አልነበሩም። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ስንጥቆች ነበሩባቸው። ይህ ምልክት አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፤ ጎማው ድንጋይ ሲመታ እስከ ታች ተጨፍልቆ፣ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው (ጎማው በሚቀመጥበት ክብ ብረት) ሁለት ጠርዞች መካከል ተቆንጥጧል።

«ታዲያ ጠንከር አድርጌ ብነፋውስ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሞክረውት የለም እንዴ?» አልኳቸው።

ሞክረውታል። ጎሚስታ ጋ ሄደው እስከ 110 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አስነፍተውት ያውቃሉ። ያን ጊዜ መቆንጠጡ ቀነሰ፤ ብስክሌቱ ግን በጠጠሩ ላይ እንደ ኳስ እየነጠረ ሳጥኑ ወገባቸውን ይመታው፣ እጃቸውም ይደነዝዝ ጀመር። ቁልቁለት ላይ ሁለት ጊዜ ተንሸራትተው ወድቀዋል። ሲያላሉት ይቆነጠጣል፣ ሲያጠብቁት ይጥላቸዋል፤ 23 ሚሊሜትር ጎማ በዚህ ክብደትና በዚህ መንገድ ላይ መሐል ቤት የለውም። ስፋት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ጎማው ሲሰፋ ቁመቱም አብሮ ስለሚጨምር፣ ነፋሱን ቀንሰውም ድንጋዩ ቸርኬው ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

«28» የሚባል ጎማ

ወደ እኔ ከመምጣታቸው በፊት በራሳቸው አንድ ሙከራ አድርገው ነበር። አንድ የሚያውቁት ሰው «28 ግዛ» አላቸው። ሰውየው የመከራቸው የ28 ሚሊሜትር ስፋት ነው፤ ምክሩም ትክክል ነበር። እሳቸው ሱቅ ገብተው «28 ጎማ» አሉ። ባለሱቁም የሰጣቸው 28 ኢንች የሚባለውን፣ ጥቁሩ የቻይና የዕቃ መጫኛ ብስክሌት የሚገጠምለትን ጎማ ነው። ማንም አልዋሸም። ቁጥሩ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል።

የጎማ መጠን እውነተኛ መታወቂያው በጎኑ ላይ በትንሹ ተቀርጾ የሚገኘው፣ ሁለት ቁጥር ያለው ጽሑፍ ነው፤ ለምሳሌ 28-622። የመጀመሪያው ስፋቱ በሚሊሜትር፣ ሁለተኛው የጎማው ጠርዝ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር ነው። 700 የሚባለው የኮርሳ ጎማ 622 ነው። የጥቁሩ ብስክሌት 28 በአንድ ተኩል 635 ነው። በአሮጌ ኮርሳዎች ላይ የሚገኘው 27 ኢንች ደግሞ፣ ስሙ ከ700ው ያነሰ ቢመስልም፣ 630 ነው፤ ከ700ው ይበልጣል። የተራራ ብስክሌት 26 ኢንች 559 ሲሆን፣ 29 ኢንች የሚባለው ግን ከኮርሳው ጋር አንድ ነው፤ እሱም 622። ይህን ሰንጠረዥ በየሱቁ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ባየው ደስ ይለኛል፤ ስንት ሰው ከክስረት በዳነ!

635ው ጎማ 622 ቸርኬ ላይ ያለ ካቻቢቴ በእጅ ገባ። ይህ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነበር። በዲያሜትር 13 ሚሊሜትር ስለሚሰፋ ጠርዙ የሚይዘው ነገር የለም። ሲነፉት ከመነዳሪው በጎን ሾልኮ ወጥቶ ፈነዳ። ቤታቸው ግቢ ውስጥ መሆኑ በጀ፤ ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ መንፈስ እጽፈው ነበር።

መለካት

ቸርኬው ላይ የተጻፈው 622 መሆኑን አረጋገጥኩ። ቀጥሎ የቸርኬውን የውስጥ ስፋት፣ ከአንዱ ጠርዝ ውስጠኛ ፊት እስከ ሌላው፣ በካሊፐር ለካሁ፤ 15 ሚሊሜትር ነው። ለዚህ ስፋት የአውሮፓው የጎማና የቸርኬ ደንብ ከ23 እስከ 32 ሚሊሜትር ጎማ ይፈቅዳል። 13 ሚሊሜትር ቢሆን ኖሮ ጣሪያው 25 ነበር፤ ጨዋታውም እዚያው ባበቃ።

ከዚያ ወደ ቴላዮው ሄድኩ። ጎማ የሚጠብበት ቦታ አራት ነው፦ ከፔዳሉ መሐል ወደ ኋላ በሚሄዱት ሁለት ቱቦዎች መካከል፣ ከኋላ ፍሬን ሥር፣ ከፊት ፍሬን ሥር፣ እና በፎርኬላው (የፊት ጎማውን በያዘው ሹካ) ሁለት እግሮች መካከል። ከእነዚህ በጣም ጠባቡ የመጀመሪያው ነው። ጎማው በሚያልፍበት ቦታ ከብረት እስከ ብረት 36 ሚሊሜትር ሆነ። በፎርኬላው ውስጥ 44፣ ከፊት ፍሬን ሥር ደግሞ ለ32 ጎማ የምትበቃ፣ ለጭቃ መከላከያ ግን የማትበቃ ቦታ አገኘሁ።

ራጂዎቹንም (ቸርኬውን ከመሐሉ ጋር የሚያያይዙትን ቀጫጭን ሽቦዎች) አጠበቅኩ። የኋላው ቸርኬ ወደ ጎን ሁለት ሚሊሜትር ይወዛወዝ ነበር። ይህ በ23 ጎማ ላይ ብዙም አይታይም። ክፍተቱ ሦስት ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን ግን ሁለቱ ሚሊሜትር ከባድ ዕዳ ነው። ጎማ ከማስፋት በፊት ቸርኬ ማቅናት ግዴታ ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ካሊፐር የማይገባበትን ቦታ የለካሁት በአለን ቁልፍ ነው። ባለ 4 ሚሊሜትሯ ቁልፍ በጎማውና በቱቦው መካከል ሳትነካ ማለፍ አለባት። መሣሪያ የሌለው ሰውም ይህችን ከየትም ያገኛል።

ያልተቀበልኳቸው ሐሳቦች

የባለሙያው ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥቶ ነበር። ሦስት ሐሳብ አቀረበ፤ ሦስቱንም ሰዎች በተደጋጋሚ ስለሚጠይቁኝ እዚህ እመልሳቸዋለሁ።

አንደኛው ቱቦዎቹን በበያጅ ቤት ጨፍልቆ ቦታ ማስፋት ነው። አልተቀበልኩም። በፋብሪካ ከመበየዱ በፊት የሚደረግ ጥቂት ጎድጓዳ ማበጀት አንድ ነገር ነው፤ ሠላሳ ዓመት የተጓዘን ስስ ቱቦ፣ ውስጡ ምን ያህል እንደዛገ ሳያዩ፣ በመዶሻ መምታት ሌላ ነገር ነው። ብረቱ በዚያች ቦታ ላይ ይሰነጠቃል፤ የሚሰነጠቀውም ባለቤቱ ዳገት ላይ ቆመው ሲረግጡ ነው።

ሁለተኛው አነስ ያለ ቸርኬ፣ 584 ሚሊሜትሩን፣ ገጥሞ በሰፊ ጎማ ቦታውን መሙላት ነው። በሌላ ብስክሌት ይሠራል። ቸርኬው በየጎኑ 19 ሚሊሜትር ስለሚወርድ ግን የፍሬን ክንዱም ያንኑ ያህል መርዘም አለበት፤ የዚህ ብስክሌት ፍሬን ያን አይደርስም። ቸርኬውንም ደብረ ብርሃን ላይ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው የቫልቮላውን ቀዳዳ በትራፓኖ ማስፋት ነበር። ምክንያት ነበረው፤ በሱቅ በብዛት የሚገኘው ከመነዳሪ የመኪና ዓይነት ወፍራም ቫልቮላ ያለው ሲሆን 8.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል። የኮርሳው ቸርኬ ለቀጭኑ ቫልቮላ የተበሳ፣ 6.5 ሚሊሜትር ነው። ጠባብ ቸርኬ ላይ ያችን ሁለት ሚሊሜትር መውሰድ ደካማ ቦታ መፍጠር ነው። መፍትሔው የናስ ማገናኛ ሆነ፤ ቀጭኑ ቫልቮላ አናት ላይ ትጠመዘዛለች፣ ማንኛውም ጎሚስታም ይነፋዋል። አንዷ ከሳጥናቸው ጋር በክር ታስራ ትኖራለች።

የመጀመሪያው መፍትሔ፣ እስከ ሰኔ

በየካቲት ከመርካቶ ሁለት 32-622 ጎማ አስመጣን። በ15 ሚሊሜትር ቸርኬ ላይ ሲነፋ ጎማው የለካው 30 ሚሊሜትር ነው። ይህ የተለመደ ነው፤ ጎን ላይ የተጻፈው ስፋት ሰፋ ባለ ቸርኬ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ጠባብ ቸርኬ ጎማውን ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል። 36 ሲቀነስ 30፣ በየጎኑ ሦስት ሚሊሜትር። የ4 ሚሊሜትሯ ቁልፍ አላለፈችም።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ቁልፏ አላልፍም ስትል መስማት ነበረብኝ። እኔ ግን አንድ ብልሃት አገኘሁ። የአሮጌ ኮርሳ የኋላ ፐርኖ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) የሚገባበት ጎድጓዳ ወደ ኋላ ተኝቶ የተሰነጠቀ ስለሆነ፣ ጎማውን ወደ ኋላ መግፋት ይቻላል። ቱቦዎቹ ወደ ኋላ ሲሄዱ እየተራራቁ ነው የሚሄዱት፤ ስድስት ሚሊሜትር ስገፋው በየጎኑ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ተረፈ። ካቴናውን በአንድ ጥንድ ማያያዣ አስረዘምኩ፣ የፍሬኑን ጎማዎች በቸርኬው ፊት ላይ መልሼ አስተካከልኩ። ሦስት ተኩል። ይበቃል አልኩ።

በበጋ በቃ። ከየካቲት እስከ ግንቦት መጨረሻ ሁለት ጊዜ ብቻ ተበሳ። እጃቸው መደንዘዙን አቆመ። ዳገት ላይ ሲቆሙ ቸርኬው ወደ ጎን እየታጠፈ ጎማው የቱቦውን ቀለም እንደሚልጥ አንድ ቀን አየሁ። አሁንም አለፍኩት።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ገባ። በሦስተኛው ሳምንት ባለሙያው ደወሉልኝ። ከአስፋልቱ ወርደው አምስት መቶ ሜትር እንኳ ሳይሄዱ የኋላ ጎማቸው ቆሟል። ዋልካው ከገለባ ጋር ተቦክቶ በጎማውና በቱቦዎቹ መካከል እንደ ጭቃ ግድግዳ ተመርጓል። በእንጨት ሲያወጡት አምስት ሜትር ሄዶ እንደገና ይሞላል። ጎማውን ፈትተው ለማጠብ ሞከሩ፤ የተነፋው ጎማ በፍሬኑ ሁለት ጎማዎች መካከል አላልፍ አላቸው። ፍሬኑን የምታላቅቀው ትንሿ ማንሻ ከተሰበረች ዓመታት ሆኗታል፤ በቀጭኑ ጎማ ጊዜ ስላላስፈለገች ማንም አላሰባትም። ስለዚህ ዝናብ ላይ ቆመው ነፋሱን አስተነፈሱ። ብስክሌቱን ተሸክመው፣ ሳጥኑን አዝለው ተመለሱ። የዚያን ቀን ክትባት ሳይሰጥ ቀረ።

ማታ ቤቴ ሲመጡ አልተቆጡኝም። «አንተ ልጅ፣ በበጋ ለካህ፤ እኔ የምሠራው ግን በክረምትም ነው» ብቻ አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ የምርመራ ውጤት ከማንም አልሰማሁም። ክፍተት ለጎማው ብቻ አይደለም፤ ጎማው ይዞት ለሚመጣውም ጭምር ነው። ደረቅ ጠጠር አራት ሚሊሜትር ይበቃዋል። ዋልካ የያዘ መንገድ በዚህ አይጠግብም።

ሁለተኛው መፍትሔ

ከኋላ 28-622 ገጠምን። ቸርኬው ላይ 27 ለካ፤ ጎማውን ወደ ኋላ ገፍተን በየጎኑ አምስት ሚሊሜትር ቀረ። የ4ቷ ቁልፍ በነፃነት፣ የ5ቷ እየነካች አለፈች። ከፊት ያለው ፎርኬላ በጎን ሰፊ ስለሆነ 32ቱን በበጋ አቆየነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ በፊቱም 28 ይደረጋል። የፊት ጎማ መስፋቱ ለእጅ ይጠቅማል፣ የኋላው መጥበቡ ለጭቃ። ሁለቱ ጎማ አንድ ዓይነት መሆን አለበት የሚል ሕግ የለም። ፍሬኗን የምታላቅቀውን ማንሻም ከአንድ የተጣለ ፍሬን ላይ አውጥቼ ተካሁ።

28ቱም ቢሆን ዋልካን አላሸነፈም። በነሐሴ መሐል ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት ባለሙያው አሁንም ወርደው የሚገፉበት ሜዳ አለ። ልዩነቱ ጭቃው እስኪሞላ ብዙ ርቀት መሄዳቸውና፣ በሳጥኑ ጎን ባሰሯት ቀጭን የቀርከሃ ስንጣሪ በደቂቃ ጠርገው መቀጠላቸው ነው። በ23 ጎማ ይህ ችግር ያንስ እንደነበር መካድ አልችልም፤ ስፋት ሲገዙ የሚከፈል ዋጋ ነው።

ነፋሱን በዚህ መልክ አስቀመጥነው፦ ከኋላ 28 ላይ 75፣ ከፊት 28 ላይ 65፣ ከፊት 32 ላይ 55 ፒኤስአይ። ክብደቱ የሚያርፈው ወደ ኋላ ስለሆነ የኋላው ይበልጣል። የጎሚስታው መለኪያ በባር የሚያነብ ከሆነ አንድ ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው፤ ስለዚህ ከኋላ ከአምስት ባር ትንሽ ከፍ ይላል። የደብረ ብርሃን ብርድም ይቆጠራል። በኅዳር ቀን ፀሐይ ላይ በ25 ዲግሪ የተነፋ ጎማ፣ ንጋት ላይ ውርጭ ሲሆን ከአምስት እስከ ሰባት ፒኤስአይ ያጣል። ጠዋት አንድ ጊዜ በፖምፓ ማየት ያስፈልጋል።

ደብተሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሦስት መስመር አለው። ሁለቱ የቀጋ እሾህ፣ አንዱ የተቆነጠጠ፤ የተቆነጠጠውም ለሁለት ሳምንት ነፋሱን ሳያዩ በሄዱበት ጊዜ ነው። ካምቢዮው (ማርሹ) ሲረግጡት ትንሽ ከብዷል፤ ከ23 ወደ 28 ሲኬድ የጎማው ዙሪያ በሁለት ከመቶ ገደማ ያድጋል። እሳቸው አልተሰማኝም ይላሉ።

ለሌላ ብስክሌት የሚያገለግለው

ጎማ ለመግዛት የሚሄድ ሰው የድሮውን ጎማ ይዞ ይሂድ፤ ካልቻለ በጎኑ ያለውን ባለ ሁለት ክፍል ቁጥር ይጻፍ። ኢንቹን አይጥራ። ያለ ምንም ትግል በእጅ የሚገባ ጎማ ካጋጠመው አይንፋው።

የሚለካው በስም ሳይሆን በተነፋ ጎማ ነው፣ በራሱ ቸርኬ ላይ፣ ሰው ተቀምጦበት። አዲስ ጎማ ከተነፋ በኋላም ስለሚለጠጥ ከሳምንት በኋላ እንደገና መለካት አለበት። ክፍተቱን ከአንድ ቦታ ብቻ ለክቶ መወሰን አይበቃም፤ እኔ ያየሁት አብዛኛው ሰው የፊቱን ፎርኬላ አይቶ ይወስናል፤ የሚያቆመው ግን የኋላው ነው።

ለመንገዱ ከሁሉ የከፋውን ወር ማሰብ ያስፈልጋል። ሸዋ ሮቢት ቆላ አሸዋ ላይ የሚነዳ ሰውና መንዝ ዋልካ ላይ የሚነዳ ሰው አንድ ቴላዮ ቢኖራቸውም አንድ ጎማ አይገጥሙም። ለቆላው ሰው 32 ከኋላም ይሠራለት ይሆናል። ለደጋው 28 ላይ መቆም ይሻላል፤ 25ም ቢሆን ከ23 ለውጡ ይታወቃል።

ጥገና ላይ ላሉ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ልጨምር። ባለቤቱ ሲመጣ የተበሱትን ከመነዳሪዎች ሁሉ እንዲያመጣ እንጠይቀው። ለጥፈን ከመመለሳችን በፊት ቀዳዳው ምን ዓይነት እንደሆነ እንይ። የዚህ ጉዳይ ግማሹ መልስ በዚያ ደብተርና በአንድ ፌስታል ውስጥ በተከማቹ አሮጌ ከመነዳሪዎች ላይ ተጽፎ ነበር።

የቀረው ሥራ

የኋላው ቸርኬ ጎኖች ፍሬኑ ከዋልካ አሸዋ ጋር እየፈጨ አቅጥኗቸዋል። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሳስጠጋበት በመሐሉ ብርሃን ይታያል። ሰፊ ጎማ በእኩል ነፋስ ከቀጭኑ ይልቅ ቸርኬውን ወደ ውጭ የበለጠ ስለሚገፋ፣ ይህን ቸርኬ ለሌላ ክረምት አላምነውም። ሞዞው (ራጂዎቹ የሚሰኩበት የጎማው መሐል) 36 ራጂ የሚቀበል ነው። ባለ 36 ቀዳዳ፣ 622፣ የውስጥ ስፋቱ 17 ሚሊሜትር የሆነ ቸርኬ እየፈለግን ነው። በ17ቱ ላይ ያው 28 ጎማ ትንሽ ስለሚሰፋ፣ ከመግጠሜ በፊት የ4 ሚሊሜትሯን ቁልፍ እንደገና አሳልፋለሁ።